ስልሳ አራተኛዋ ፍሬ

በአማርኛ «ቆጠረ» የሚለው ግሥ ብዙ ሸክም ተሸክሞ የሚኖር ቃል ነው። ነጋዴ ገንዘቡን ይቆጥራል፤ እረኛ መንጋውን ይቆጥራል፤ እስረኛ ቀኑን ይቆጥራል፤ ሕፃን ፊደል ይቆጥራል። ቃሉ ግን በዚህ አያበቃም። አንድን ሰው «ከሰው ቆጠረው» ስንል አከበረው፣ ቦታ ሰጠው ማለታችን ነው፤ «ከምንም አልቆጠረውም» ስንል ደግሞ ናቀው፣ አለ ብሎም አላሰበው ማለታችን ነው። እንግዲህ በቋንቋችን መቁጠር ቁጥር መጥራት ብቻ አይደለም፤ ዋጋ መስጠትም ነው። ለዚህ ቃል የቅርብ ጎረቤትም አለው፤ «ቋጠረ»። እናት ለመንገደኛ ልጇ ስንቅ ትቋጥራለች፤ ገበሬ ዘሩን በጨርቅ ይቋጥራል፤ የተበደለ ቂም ይቋጥራል። ለጆሮ ሁለቱ ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ይለያል፣ አንዱ ይይዛል። አንዱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይበትናል፤ ሌላው የተበተነውን ሰብስቦ ያስራል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ መቁጠር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በመስታወት ማዶ ለተሰለፈ ሰው ብር እቆጥራለሁ፤ ብር እቀበላለሁ፤ ደግሜ እቆጥራለሁ። በጠረጴዛዬ ላይ ኖት እየዋጠ የሚተፋ ማሽን አለ፤ ስሙም «መቁጠሪያ» ነው። ማታ ቤቴ ስገባ በእናቴ እጅ ሌላ መቁጠሪያ አገኛለሁ። በእነዚህ በሁለቱ መቁጠሪያዎች መካከል ስመላለስ የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የግድ ሆኖብኛል። የመጀመሪያው መቁጠሪያ ባለቤት አለው፤ ጠባቂም አያጣም። ዛሬ ስለ ሁለተኛው እንጫወት።

በሀገራችን በተዋሕዶ ምእመናን እጅ የሚገኘው መቁጠሪያ በአብዛኛው ባለ 41 ወይም ባለ 64 ፍሬ ነው፤ ባለ 100ም አለ። ከእንጨት ይሠራል፤ ከደረቅ ፍሬ ይሠራል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ከፕላስቲክ። በንግሥ ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከጧፉ፣ ከዕጣኑና ከሥዕሉ ጎን ተዘርግቶ ይሸጣል። መነኩሴው በአንገቱ ያጠልቀዋል፤ ባልቴቷ በእጇ ላይ ትጠቀልለዋለች። 64ቱ ፍሬዎች በትውፊታችን እመቤታችን በዚህ ዓለም የኖረችባቸው 64 ዓመታት መታሰቢያ ናቸው። 41ዱ ደግሞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለው የምሕረት ልመና 41 ጊዜ ከሚደጋገምበት ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ምሥጢሩን መምህራን በየመልኩ ያመሰጥሩታል። በሰሙነ ሕማማት ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። «ኪርያላይሶን» እየተባለ ሲሰገድ ጉልበት ይዝላል፤ ላብ ይወርዳል፤ ልብ ቁጥሩን ይስታል። ጣት ግን ፍሬዋን ይዛ ትጠብቃለች።

መቁጠሪያ ያልያዘም ባዶ እጁን አይደለም። ከአውራ ጣት በቀር አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት አንጓ አላቸውና ድምራቸው 12 ነው። አውራ ጣት በእነርሱ ላይ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ 36 ይሆናል፤ አምስት ቢጨመርበት 41። ይህን ሂሳብ ያስተማሩኝ የትምህርት ቤት መምህር አይደሉም፤ በልጅነቴ በቅዳሴ ሰዓት ከጎኔ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጣቶቻቸውን ሲያንቀሳቅሱ አይቼ ያገኘሁት ነው።

መቁጠሪያ ጌጥ አይደለም፤ ጨሌም አይደለም። ጨሌ ራሱ ይፈራል፣ ራሱ ይከበራል፤ ኃይል አለው ተብሎ ይታመናል። መቁጠሪያ ግን ከጸሎቱ ውጭ እንጨትና ክር ነው። ክሩ ቢበጠስ ሌላ ክር ይገባለታል። ይህን ልዩነት ልብ ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም በኋላ የማወጋችሁ ነገር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

* * *

ጸሎትን መቁጠር የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ ሃይማኖት ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የግብፅን ባሕታውያን ታሪክ የጻፈው ጳላድዮስ ጳውሎስ ስለሚባል አንድ መነኩሴ ይነግረናል። ይህ ሰው በቀን 300 ጸሎት ለማድረስ ለራሱ ወስኖ ነበር። ቁጥሩ እንዳይጠፋበት 300 ጠጠር ለቅሞ በጉያው ይይዛል፤ አንድ ጸሎት ባደረሰ ቁጥር አንድ ጠጠር ይጥላል። ጉያው ባዶ ሲሆን የዕለቱ ሥራ አለቀ። ጠጠሮቹን ክር ላይ መሰካት ከዚህ የቀረበ ነገር ነው። የግሪክ መነኮሳት ግን ፍሬ መስካት አላስፈለጋቸውም፤ የሱፍ ክር እየቋጠሩ መቁጠሪያ አደረጉት፤ «ኮምቦስኪኒ» ይሉታል። ቆጠራው ራሱ ቋጠሮ ነው ማለት ነው። ቅድም በጆሮ ብቻ ያዛመድናቸውን ሁለት የአማርኛ ቃላት እነዚያ መነኮሳት በጣታቸው አዛምደዋቸዋል።

እንግሊዞች ዶቃን የሚጠሩበት «ቢድ» የሚለው ቃል በጥንቱ ቋንቋቸው «ጸሎት» ማለት ነበር። ሰዎች ጸሎታቸውን በፍሬ እየቆጠሩ ሲኖሩ፣ ቃሉ ቀስ በቀስ ከከንፈር ወርዶ ወደ ጣት ተሻገረ፤ የጸሎቱ ስም ለዶቃው ስም ሆነ። ቃላት እንዲህ ሲሰደዱ ማየት ቅኔ ለሚወድ ሰው ደስ ይለዋል። ያቺ ፍሬ ጸሎቱን ለረጅም ዘመን ስለተሸከመች በመጨረሻ ስሙን ወረሰችው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የዳዊት ነገር ነው። በምዕራቡ ዓለም በመካከለኛው ዘመን ማንበብ የሚችሉ መነኮሳት 150ውን የዳዊት መዝሙር ይደግሙ ነበር። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ምን ይሁንለት? በመዝሙሩ ፈንታ 150 ጊዜ «አባታችን ሆይ» ወይም የእመቤታችንን ሰላምታ ይበል፤ ቁጥሩንም በፍሬ ይያዝ ተባለ። የካቶሊኮች መቁጠሪያ አሥር አሥር እየሆነ የተከፋፈለው፣ ሙሉውም 15 አሥርት የነበረው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ አምስት ምሥጢራትን ጨምረው 20 እስኪያደርሱት ድረስ ቁጥሩ ከመዝሙረ ዳዊት ጋር እኩል ይሄድ ነበር። አሁን ወደ እኛ ዳዊት እንምጣ። የእኛ ዳዊት ደጋሚዎች አሥር መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ነው ይላሉ፤ 150ውም 15 ንጉሥ ነው። በመካከላቸው ባሕርና በረሃ ያለባቸው ሁለት ሕዝቦች አንዱን መጽሐፍ በአሥር በአሥር ቆርሰው፣ አንዱ ብራና ላይ፣ አንዱ ክር ላይ አኖረው። ፊደል የቆጠረ በመጽሐፉ፣ ፊደል ያልቆጠረ በፍሬው። መቁጠሪያ ያልተማረ ሰው ዳዊት ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ከዚህ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በሂንዱዎችና በቡድሂስቶች ዘንድ «ማላ» የሚባለው መቁጠሪያ 108 ፍሬ አለው፤ በሂንዱዎች ልማድ ከሌሎቹ ተለይታ በምትወጣው ዋና ፍሬ ላይ የደረሰ ሰው እርሷን አልፎ አይሄድም፤ ክሩን አዙሮ በመጣበት ይመለሳል። በሙስሊሞች ዘንድ ሙስበሃ 99 ወይም 33 ፍሬ አለው፤ ከሶላት በኋላ ፈጣሪን ማጥራት፣ ማመስገንና ማላቅ እያንዳንዳቸው 33 ጊዜ ይባሉበታል። 99ኙም የአላህን 99 መልካም ስሞች ያስታውሳሉ። በመርካቶ በታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ የሚሸጠው ሙስበሃና በጊዮርጊስ ደጃፍ የሚሸጠው መቁጠሪያ አንድ ዓይነት እጅ ይጠብቃሉ፤ የደከመ፣ ነገር ግን ሥራ መፍታት የማይወድ የሰው እጅ።

* * *

ለምን እጅ? ልብ ብቻውን መጸለይ አይችልምን?

ጽሞናን የሞከረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ባለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ልብ የቤት ኪራዩን፣ የቢሮውን ነገር፣ ትናንት የተሰነዘረችውን ክፉ ቃል ይዞ ይመጣል። ልብ እንደ ጥጃ ነው፤ ገመዱን ካልያዙለት ይፈረጥጣል። መቁጠሪያ ገመዱ ነው። ጥጃው ራቅ ብሎ ይግጥ ይሆናል፤ ጣት ቀጣዩን ፍሬ በነካ ጊዜ ግን ገመዱ ይሳብና ይመለሳል። ሥራ የያዘ እጅ ልብን ከሌላ ሥራ ያሳርፈዋል። እናቶቻችን እንዝርት እያሾሩ ከማንኛችንም በበለጠ በጥልቀት ያስቡ የነበሩት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ለዚህ የሐኪሞችም ምስክርነት አለው። በ2001 እ.ኤ.አ. ሉቺያኖ በርናርዲ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ 23 ጤነኛ ሰዎችን መርምረው በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አንድ ጥናት አወጡ። የካቶሊኮቹ የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደገምም፣ የዮጋ ቃል ሲደገምም፣ ትንፋሽ ቀስ ብሎ በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ይወርዳል፤ የልብና የደም ዝውውር ምትም ከእርሱ ጋር ይስማማል። ማንም «ቀስ ብለህ ተንፍስ» አላላቸውም፤ የጸሎቱ ቃል ርዝመት ራሱ ለካ። ይህ የእምነትን እውነትነት አያረጋግጥም፤ አያፈርስምም። ነገር ግን የጥንቶቹ ሰዎች ቃል ሲመርጡና ሲደጋግሙ ሥጋንም እንዳልረሱት ያሳያል።

ይሁን እንጂ መቁጠር አደጋ አለው፤ እኔ ደግሞ በሥራዬ ምክንያት ይህን አደጋ ከሌላው ሰው ይልቅ የማውቀው ይመስለኛል። በባንክ ቤት የተቆጠረ ነገር ሁሉ ዕዳ ወይም ሀብት ነው። 64 ጊዜ ከጸለይኩ ሰማይ ምን ያህል ዕዳ አለበት? 300 የጸለየው ከ100ኛው ይበልጣልን? ንጉሥ ዳዊት ራሱ፣ ያ ሁሉ መዝሙር የተዘመረለት ሰው፣ ሕዝቡን በመቁጠሩ መቅሰፍት እንደ መጣ በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። ሊቃውንት ጥፋቱን በየመልኩ ይተረጉሙታል፤ እኔ ግን በባንክ ሠራተኛ ልቤ ስረዳው፣ የተሰጠውን እንደ ራሱ ተቀማጭ አድርጎ ስለቆጠረ ነው እላለሁ። በወንጌልም ጸሎት በቃል ብዛት እንደማይሰማ ተነግሯል። በሌላ በኩል ደግሞ ያው መዝሙረ ዳዊት የፈጣሪን ምሕረት ዘላለማዊነት በአንድ መዝሙር ውስጥ ከ20 ጊዜ በላይ ይደጋግመዋል። እንግዲህ ችግሩ መደጋገሙ ላይ አይደለም ማለት ነው።

ችግሩ የት ላይ እንደሆነ የዚያ የ300 ጠጠሩ መነኩሴ ታሪክ ቀጣይ ክፍል ያሳያል። ጳውሎስ አንድ ቀን አዝኖ ወደ አባ መቃርስ ሄደ። በአንዲት መንደር የምትኖር ድንግል በቀን 700 ጸሎት እንደምታደርስ ሰምቶ፣ የእርሱ 300 ከንቱ መስሎ ታየው። መቃርስ የመለሰለት በኔ አባባል እንዲህ ነው፤ እኔ ከ60 ዓመት ጀምሮ በቀን 100 ብቻ እጸልያለሁ፤ በእጄ ሥራ እበላለሁ፤ ወንድሞች ሲመጡ አስተናግዳለሁ፤ ሰነፍክ ብሎ ሕሊናዬ አይወቅሰኝም። አንተን በ300 ጸሎት ከወቀሰህ ወይ በንጹሕ ልብ አልጸለይክም፣ ወይ ከዚያ በላይ መጸለይ ትችል ነበር። አባ መቃርስ ጠጠሩን ጣል አላለውም። የሴቲቱን ቁጥር ከእርሱ ቁጥር ላይ መቀነሱን ተው ነው ያለው። ጠጠር ጸሎትን ለመያዝ ነው፤ ሰውን ለመመዘን አይደለም።

* * *

አሁን ወደ እናቴ መቁጠሪያ ልምጣ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አባቴ በሕይወት ሳለ ዳዊቱን እርሱ ይደግም ነበር፤ እርሷ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጣ ባለ 64ቱን ትቆጥራለች። አንዱ ቃል እየለወጠ፣ አንዷ ያንኑ ቃል እየደገመች፣ አብረው ይጨርሱ ነበር። በ2004 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ እኔ ባንክ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ የመቁጠሪያው ክር ግቢ ውስጥ ተበጠሰና ፍሬዎቹ ተበተኑ። ተንበርክከን ለቀምን። በሥራ ልማዴ ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ 63 ናቸው። አንዷ በድንጋዩ ስንጥቅ ገባች ወይም ዝናቡ ወሰዳት፤ አልተገኘችም።

በባንክ ቤት «ጉድለት» የሚባል ነገር አለ። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከመዝገቡ ካነሰ፣ ልዩነቱን የሚከፍለው የቆጠረው ሰው ነው። አዲስ ሠራተኛ ነበርኩና ይህ ቃል በጆሮዬ ያቃጭል ነበር። «እማዬ፣ ጎደሎ ነው፤ ነገ አዲስ እገዛልሻለሁ» አልኳት። እርሷ ግን በ63ቱ ፍሬዎች ውስጥ አዲስ ክር እያስገባች፣ ቀና ሳትል፣ «ተወው ልጄ፤ አንዷን በባዶ እጄ እላታለሁ» አለችኝ።

እንዳለችውም አደረገች። 63ቱን በፍሬ ትቆጥርና፣ መስቀሉ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የመጨረሻዋን ያለ ፍሬ ትላት ነበር። ለዓመታት ይህን ሳይ ኖርኩ። ከ64ቱ ሁሉ ረጅሟ እርሷ ነበረች። ለሌሎቹ ጣት ይመሰክርላቸዋል፤ ያቺን ግን ከእርሷና ከፈጣሪዋ በቀር የሚይዛት አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወር የብር ኖቶች ተቀየሩ። ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100ው በአዲስ ተተኩ፤ ባለ 200 ብር አዲስ ተጨመረ፤ ሕዝቡም የያዘውን አሮጌ ኖት እንዲቀይር ሦስት ወር ተሰጠው። በእነዚያ ወራት ከፍራሽ ሥር፣ ከእህል ጎታ፣ ከመቀነት የወጣ ብር በእጃችን አለፈ። ጢስ የሸተተ፣ አይጥ የበላው፣ በላብ የራሰ ብር። ሌሊት በሕልሜ እቆጥር ነበር። የእናቴን መርሳት ያስተዋልኩት በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ማታ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለችኝ፤ ነገርኳት። እራት ሳንጨርስ ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ቁጥር ከእርሷ እየራቀ ሄደ። በመጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ የልጅ ልጆቿ ብዛት፣ ቀጥሎ አባቴ የሞተበት ዓመት፣ በመጨረሻም አባቴ መሞቱ ራሱ።

እኔን «አባቴ» ትለኛለች። ድሮም ትለኝ ነበር፤ የሀገራችን እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ እንዲሁ ናት። ዛሬ ግን እያቆላመጠችኝ ይሁን፣ ወይስ በእርግጥ የወለዳት አባቷ መስያት ይሁን አልለየውም። አልጠይቃትምም። «አቤት» እላታለሁ።

መቁጠሪያውን ግን አልረሳችውም። ሐኪሙ እንዳስረዳን እጅ የለመደው ነገር በዚህ ሕመም ከስምና ከቀን ይልቅ ዘግይቶ ይጠፋል። ጠዋት ስትነሣ እጇ ትራሷ ሥር ይፈልገዋል። ፍሬዎቹ በጣቷ መካከል ያልፋሉ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን ከየት እንደ ጀመረች አታውቅም። መስቀሉን አልፋ ትሄዳለች። 63 ይሁን 200 ይሁን አትለይም። ያቺ በባዶ እጅ የምትባለው፣ ቆም የሚባልባት 64ኛዋም ቀርታለች።

ታላቅ እኅቴ በስልክ ስናወራ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «አሁን የምታደርገው ጸሎት ነው ወይስ ልማድ? የምትለውን ሳታውቅ ብትል ይቆጠርላታል?» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ጥያቄዋ የክፋት አልነበረም፤ እናታችን ገና በሕይወት ሳለች ከፈጣሪዋ ጋር የነበራት ንግግር ተቋርጦ ይሆን ብላ ፈርታ ነው። ቀኑን ሙሉ ስቆጥር ውዬ ማታ የሰማሁት «ይቆጠርላታል?» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሣኝ። መልስም አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ከሐጂ ነው። ሐጂ ከእናቴ ጋር በአንድ አጥር ከ30 ዓመት በላይ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በፋሲካ ለእርሳቸው የጾም ያልሆነ ነገር ከቤታችን ተለይቶ ይሄድላቸዋል፣ በዒድም እንዲሁ ከእርሳቸው ወደ እኛ፤ ሥጋው ብቻ አይላላክም። አንድ እሑድ ሊጠይቋት መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። አላወቀቻቸውም። ጥቂት ዝም ብለው ጣቶቿን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ እኔ ሙስበሃ አለኝ፤ ግን በጣቴ መቁጠሩን አበልጣለሁ። ለምን መሰለህ? ነቢዩ፣ ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁንና፣ ለሴቶቹ በጣታችሁ ቁጠሩ ብለዋቸዋል። ጣቶች በፍርድ ቀን ይጠየቃሉ፤ እንዲናገሩም ይደረጋሉ። ምላስ ያኔ ዝም ሊል ይችላል፤ ጣት ግን ምስክር ነው።» ቆም ብለው ደግሞ እጇን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «የእትዬ ምስክሮች ይኸው ገና ሥራ ላይ ናቸው።»

ሐጂ ከሄዱ በኋላ ብዙ አሰብኩ። እናቴ ጤነኛ በነበረችባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ፍሬ በፍሬ፣ ዛሬን ስትቋጥር ነበር ማለት ነው። ልብ ቁጥሩን ሲስት ጣት ይጠብቅልናል ብዬ ስለ ሰሙነ ሕማማት የተናገርኩት ለአንድ ሰዓት ድካም ብቻ የሚሆን መስሎኝ ነበር፤ ለሕይወት ማምሻም እንደሚሆን አላሰብኩም። ጸሎትን 50 ዓመት በእጅዋ ላይ ያስቀመጠች ሴት፣ ልቧ ቢዘጋ እንኳ እጇ ክፍት ሆኖ ተገኘ። ልማድ የምንለው ነገር ባዶ ቅርፊት ነው ብለን እንንቀዋለን፤ ለካ ልማድ ትናንት የነበርነው ሰው ለነገው ደካማ ሰው የሚልከው ስንቅ ሊሆን ይችላል።

ለእኅቴ ደወልኩና ይህንኑ ነገርኳት። «ይቆጠርላታል ወይ ላልሽው» አልኳት፣ «በእኛ ቋንቋ መቁጠር ዋጋ መስጠትም ነው። እርሷ ቁጥሩን ረሳች እንጂ የምትጠራው እርሷን ከሰው መቁጠሩን አልተወም።» እኅቴ አለቀሰች። ቀጥላም ለፋሲካ ስትመጣ ባለ 64 አዲስ መቁጠሪያ ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝ። «አትምጪበት» አልኳት። ጎዶሎው ይሁንላት። ያቺን የጎደለችውን ዛሬ የማን ድርሻ እንደሆነች አውቃለሁና። እናቴ ስትተኛ መቁጠሪያውን ከእጇ ቀስ ብዬ አወጣና ትራሷ ሥር አኖረዋለሁ፤ ከዚያም እጄን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አንዷን በባዶ እጄ እላታለሁ። ቀኑን ሙሉ የሺዎችን ብር የቆጠረ እጅ ያቺን አንዷን ለመያዝ ሲቸገር ይሰማኛል።

ዛሬ በስልክ ላይ ጸሎት የሚቆጥር ፕሮግራም አለ፤ በጣት ላይ የሚጠለቅ፣ ሲጫኑት ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያም በየገበያው ይሸጣል። ክፉ ነው አልልም፤ የጳውሎስ ጠጠርም በዘመኑ መሣሪያ ነበር። ብቻ መሣሪያው ቁጥሩን ለራሱ ይይዛል፤ ጣትን ሥራ ያስፈታል። ክርና ፍሬ ግን ቁጥሩን ለጣት ያስተምራሉ። ቁጥሩ ሲጠፋ የሚቀረውም ያ ትምህርት ነው።

ይህችን ግጥም የጻፍኩት በአንድ የሥራ ቀን ማታ፣ ሂሳብ ከዘጋሁ በኋላ ነው። ጉድለት አልነበረብኝም።

ክሩ ተበጠሰ፥ ፍሬው ተበተነ፤
አንዷ ጠፋችና፥ ቁጥር ጎዶሎ ሆነ።
እናቴ ግን አለች፥ «አትፈልጋት ልጄ፤
እርሷን እይዛለሁ፥ ሳልነካት በእጄ።»
ዛሬ ቁጥር ሸሸ፥ ስምም ተከተለ፤
ጣቷ ግን ሳይረሳ፥ በክሩ ላይ ዋለ።
የኔ ሂሳብ መዝገብ፥ ጉድለቷን ቢጽፍም፣
እሷ የጠራችው፥ አንድም አይጎድልም።